በ24 ጫማ ጀልባ ወደ ባሃማስ፦ የአንድ ጥያቄ ክር

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ቤቶች። ዓመት ሙሉ እዚህ ዝም ብዬ ሳነብ ነው የከረምኩት፤ ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። የምኖረው ፎርት ላውደርዴል ነው። አምና ከአንድ ጡረተኛ ላይ 24 ጫማ የሆነች ያገለገለች ጀልባ ገዛሁ። ከኋላዋ ባለ 250 ፈረስ ጉልበት አንድ ሞተር ተሰቅሎባታል። ሰልባቲዮዋ 100 ጋሎን ቤንዚን ይይዛል። ለሜሞሪያል ዴይ ሦስት ቀን እረፍት አለኝ። ቅዳሜ በጠዋት ተነስቼ ቢሚኒ የምትባለው የባሃማስ ደሴት እገባለሁ። እሑድ የባሃማስን ባንክ፣ ማለትም ያንን ጥልቀት የሌለውን ሰፊ ውሃ አቋርጬ በናሶ በኩል ኤግዙማ ደሴቶች እደርሳለሁ። ሰኞ ማታ ቤቴ ነኝ፤ ማክሰኞ ሥራ አለ። አራት ነን፤ እኔ፣ ሁለት ጓደኞቼና የአክስቴ ልጅ።

እንቅልፍ የነሳኝ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ገልፍ ስትሪም የሚባለው ጅረት፣ ከሥሩ ከ700 ሜትር በላይ ጥልቀት። ከቢሚኒ ወዲያ ያለው ግን ሦስት አራት ሜትር ብቻ የሚጠልቅ፣ አሸዋው ቁልጭ ብሎ የሚታይ ውሃ ነው። ሞተር ቢያስቸግር መልሕቅ ጥለን፣ ካስፈለገም ወርደን ቆመን እንጠብቃለን። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣናም እኮ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። እና እሑድን የማርፍበት ቀን አድርጌ ነው የቆጠርኩት። የተሳሳትኩት ነገር አለ?

መልሶቹ

ክሩ ካሰብኩት በላይ ረዘመ። መሐል ላይ የሚገባው ሰው ደግሞ የተመለሰውን እየደገመ ይጠይቃል። ስለዚህ ቁጥራቸውን ተከትዬ በራሴ አፍ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ያበሳጩኝንም አልዘለልኩም።

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። በሰላም ግቡ፣ ፎቶ አትርሱ፣ በቃ። ደስ ብሎኝ ልብ ሰጠሁት።

2ኛውን የጻፉት ጋሽ ኖት በሚል ስም የሚገቡ ትልቅ ሰው ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት። ካርታ ዘርግተው ማስመሪያ ይዘው ለክተውልኛል። ከፎርት ላውደርዴል ቢሚኒ 50 የባሕር ማይል ገደማ። ከቢሚኒ ባንኩን አቋርጦ ቸብ ኬይ የምትባለው ደሴት 75 ያህል። ከቸብ ናሶ 35። ከናሶ የመጀመሪያዎቹ የኤግዙማ ደሴቶች ሌላ 35። ድምሩ 195፣ ደርሶ መልስ 390። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር መሆኑንም አስታወሱኝ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ማለት ነው። በ20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 20 የባሕር ማይል ብሄድ አንዱ መንገድ ብቻ ወደ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ውሃው መስታወት ከሆነ፣ ኢሚግሬሽን ወረፋ ከሌለ፣ ቤንዚን ቶሎ ከተቀዳ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው ዘጉት። ተቆጥተው አልነበረም፣ ግን ፊቴ ቀላ።

3ኛው ራሱን ሰልባቲዮ ብሎ የሚጠራ የሞተር ባለሙያ ነው፤ ሰላምታ አያበዛም። እንዲህ ያለች ጀልባ በተረጋጋ ውሃ በጋሎን 2 ማይል ብትሄድ ጥሩ ነው አለ። ስለዚህ 195 ማይል ሰልባቲዮዬን ጠርጎ ያደርቀዋል። የባሕር ሰው ቤንዚኑን ሦስት ቦታ ይከፍላል፤ አንዱን እጅ ለመሄጃ፣ አንዱን ለመመለሻ፣ ሦስተኛውን ለክፉ ቀን። በዚህ ስሌት አንድ ጊዜ ሞልቼ መራቅ የምችለው 66 ማይል ብቻ ነው። ቢሚኒ ያደርሰኛል፣ ቸብ ግን አያደርሰኝም። ከዚያ ደግሞ ጥያቄ አወረደብኝ። ውሃ ከቤንዚን የሚለየው ፊልትሮ መቼ ተቀየረ? ትርፍ አለህ? ካንዴላዎቹስ? ፕሮፔለር መለዋወጫ ይዘሃል? የመፍቻውንስ ቁጥር ታውቃለህ? ለመጨረሻው ጋራዥ ወርጄ ነው መልስ ያገኘሁት። የሚገጥም መፍቻ የለኝም።

4ኛው ሰውዬ ሦስት ቦታ መክፈል የፈሪ ሒሳብ ነው፣ ቢሚኒ ነዳጅ አለ፣ እኔ ሁሌም በግማሽ ነው የምሄደው አለ። 5ኛው ወዲያው ደረሰበት። የበዓል ሰሞን ስንት ጀልባ እዚያ እንደሚሰለፍ አይተህ ታውቃለህ ወይ፣ ሰው በፈሪ ሒሳብ ነው ልጆቹን የሚያሳድገው አለው። እነዚህ ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልታረቁም።

6ኛዋ እስካሁን በአንዲት መስመር ከምጠቅሳት በላይ ረድታኛለች። ማያሚ ነርስ ናት፤ ባለቤቷ ጀልባ አለው፣ የምትነዳው ግን እሷ ናት። መጀመሪያ ያረመችው መነሻዬን ነው። ቢሚኒ ከፎርት ላውደርዴል ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ጅረቱ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው። ከቤቴ ፊት ለፊት ከተነሳሁ መንገዱን ሁሉ ከጅረቱ ጋር ስታገል ነው የምውለው። ጀልባዋን በተጎታች ጭነህ ማያሚ ወርደህ ተነሳ አለችኝ፤ ከዚያ ቢሚኒ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ነው፣ 45 ማይል ገደማ። ጅረቱ በአማካይ 2.5 ኖት ይሄዳል፤ መሐሉ ላይ ከዚያም ይፈጥናል። በ20 ኖት ሁለት ሰዓት ከሩብ ስትሄድ ከ5 ማይል በላይ ወደ ሰሜን ይወስድሃል፣ አንተ አይታወቅህም። ስለዚህ አፍንጫዋን 7 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ አዙረህ ትይዛለህ። ፍጥነትህ በግማሽ ከወረደ ማረሚያው ወደ 14 ዲግሪ ተኩል ያድጋል። ወንዝ የዋኘ ሰው ይገባዋል አለች፤ ፊት ለፊት የምታየውን ድንጋይ ለመንካት ከድንጋዩ በላይ ነው የምትዋኘው።

7ኛው ታሪክ አመጣ። ፖንሴ ዴ ሊዮን በ1513 ይህን ጅረት አይቶ መመዝገቡን፣ ከ250 ዓመት በኋላ ደግሞ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ዓሣ ነባሪ አዳኝ የነበረ ዘመዱን ጠይቆ ካርታ ማሳተሙን ተረከ። የእንግሊዝ የፖስታ መርከቦች ከጅረቱ ጋር እየተጋፉ ሳምንታት ይዘገዩ ነበርና ምክንያቱን ፈልጎ ነው። 8ኛው ሰው ይሄ የጀልባ ክር ነው፣ ፖስታ ቤት አይደለም አለ። እኔ ወድጄዋለሁ። ፍራንክሊን የጠየቀው በየቀኑ ውሃው ላይ የሚውለውን ሰው ነው፤ እኔም እዚህ የመጣሁት ለዚያው ነው።

9ኛዋን ሁላችሁም አንብቧት። ከጅረቱ በተቃራኒ ነፋስ ሲመጣ፣ ማለትም ስሙ ውስጥ ሰሜን የሚል ቃል ያለበት ነፋስ ሁሉ፣ ሰሜን፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሰሜን ምዕራብ፣ ሞገዱ ቁመቱ ብቻ ሳይሆን ጥግግቱ ነው ሰው የሚጎዳው። አንዱን ወርደህ ሳትጨርስ ሁለተኛው ግንባርህ ላይ ነው። እሷና ባሏ በየካቲት ወር ትንበያው ከሰሜን ምሥራቅ 12 ኖት እያለ 12 ምን አላት ብለው ወጡ። መሐል ላይ ሲደርሱ ድስቱ ተገለበጠ። ለበዓል የተሠራ ዶሮ ወጥ ነው። ቁሌቱ ወለሉን አልፎ ከሥር ገባና ውሃ የምትመጥጠውን ፖምፓ ዘጋት። ባልየው ተንበርክኮ ዓይኑ በበርበሬ እየነደደ ሽንኩርት ከፖምፓዋ አፍ በጣቱ ሲያወጣ፣ እሷ ጀልባዋን ወደ ኋላ አዙራ በስድስት ኖት ፍሎሪዳ ገቡ። እንቁላሎቹ ብቻ ናቸው የተረፉት፤ ስድስቱ። ሳቅንባት፣ እሷም ሳቀች። ግን ከዚያ ወዲህ ሰሜን የሚል ቃል ካየች ማሰሪያ አትፈታም።

10ኛው የእኔ ነው። ሁሉንም አመሰገንኩ። ስለ ጅረቱ ገባኝ፣ ባንኩ ግን ዕረፍት መሆኑን አትቀበሉም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

11ኛው ባንኩን ብዙ ጊዜ ያቋረጠ ሰው ነው፤ ረጅሙም መልስ የሱ ነው፣ ነጥብ የሌለው አንድ ትልቅ አንቀጽ። እንደተረዳሁት ከቢሚኒ ባንኩ እስከሚያልቅበት እስከ ኖርዝዌስት ቻነል 60 ማይል ያህል መሬት አይታይም፤ የስልክ ምልክትም ይጠፋል። ወደ ቻነሉ ስትጠጋ ከሦስት አራት ሜትር አሸዋ ላይ ድንገት የውቅያኖስ ምላስ ወደሚሉት ገደል ትገባለህ፤ ከሺህ ሜትር በላይ። እስከዚያ ድረስ መንዳት ማለት ቀለም ማንበብ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው። ፈካ ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ አሸዋ ላይ ያለ ውሃ ነው፣ ይሄዳል። እየነጣ ከመጣ እየሳሳ ነው፣ ቀስ በል። ቡናማ ከሆነ ሣር ወይም ኮራል የሚባለው የባሕር ቋጥኝ ነው፤ የቱ እንደሆነ እስክታውቅ አትጠጋው። የደመና ጥላም እንደ ኮራል ይጠቁራል፤ ልዩነቱ ጥላው ይሄዳል፣ ኮራሉ አይሄድም። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ስትነዳ ፀሐይዋ ዓይንህ ውስጥ ናት። ከሰዓት ወደ ምዕራብ ስትመለስም ዓይንህ ውስጥ ናት። በእኔ ዕቅድ በሁለቱም ቀን ታውሬ ነው የምነዳው። ከናሶ ወዲያ የሎው ባንክ የሚባለው ቦታ ላይ ደግሞ የኮራል ጉብታዎች እዚህም እዚያም ተበትነዋል፤ እዚያ አንድ ሰው ፊት ቆሞ በእጁ እያመለከተ ነው የሚታለፈው።

12ኛው የሀገሬ ልጅ ነው፤ ከባሕር ዳር። አዋረደኝ። የጣና ልጅ ሆነህ ይሄን ትጠይቃለህ ወይ ነው ነገሩ። ጣና ላይ ጠዋት ወደ ገዳማቱ የሄደ ጀልባ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ እንዴት ተንቀጥቅጦ እንደሚመለስ ረሳኸው? ጥልቀት የሌለው ውሃ ቶሎ ይቆጣል፣ ሞገዱም አጭርና ቀጥ ያለ ነው አለ። እንቦጭ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠምና ሞተር ማቀዝቀዣውን ሲዘጋም አይቷል፤ የባሃማስ ባሕር ሣርም እንዲሁ ያደርጋል፣ ከሞተሩ የምትወጣውን የውሃ ቀጭን መስመር በየጊዜው ዞር ብለህ እያት ብሎ መከረኝ። እውነቱን ነው። ልጅ ሆኜ ከደንገል ታንኳ ላይ ሆኜ ያንን ነፋስ አይቻለሁ። አባቴ ያኔ ምንም አልተናገረም፤ መቅዘፊያውን ብቻ በሁለት እጁ ያዘ። ይሄንን እንዴት ረሳሁት?

13ኛው ወርደን ቆመን እንጠብቃለን ባልኩት ላይ መጣ። ሦስት ሜትር ውሃ ውስጥ የሚቆመው ሰውዬ ቁመቱ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ይህች ቀልድ እስከ ክሩ መጨረሻ አልለቀቀችኝም። ቀጥሎ ግን ቁም ነገር አለው። የባሃማስ ውሃ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይወጣል ይወርዳል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ቢጠጋ ነው። ውሃው ሞልቶ ሳለ አሸዋ ላይ ከተቀመጥክ እየጎደለ ይሄድና ጀልባህ ጎኗ ላይ ትተኛለች፤ የሚቀጥለው ሙላት የሚመጣው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሳሳ ወዳለ ቦታ የሚገባው ውሃው እየሞላ ባለበት ሰዓት ነው፤ ብትቀመጥም ራሱ ያነሳሃል። የሜሞሪያል ዴይ ዕቅዴ ግን የሙላት ሰዓት አያውቅም።

14ኛው ባሃማስ ማለት ራሱ በስፓንኛ ጥልቀት የሌለው ባሕር ማለት ነው አለ። 15ኛው ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚል ግን ያልተረጋገጠ መሆኑን፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች ቋንቋ ነው የሚሉም እንዳሉ ጻፈ። 14ኛው አመሰገነ። በዚህ ክር ላይ ተከራክሮ ያመሰገነ እሱ ብቻ ነው።

16ኛዋ ደግሞ ማንም ያላሰበውን አነሳች። የአክስትህ ልጅ ወረቀቱ እንዴት ነው? ብላ ጠየቀች። እኔም የዋህ ሆኜ አሳይለም ጠይቆ ቀጠሮ እየጠበቀ ነው ብዬ መለስኩ። ክሩ ተናወጠ። ቢሚኒ በዓይን የምትታይ እስክትመስል ቅርብ ብትሆንም ሌላ ሀገር ናት። አሳይለሙ ያላለቀለት ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠርበታል። ለአንድ ቀንም ቢሆን፣ በጀልባም ቢሆን። 17ኛው ማን ያያል፣ ሰው በየቀኑ ይመላለሳል አለ። 18ኛዋ ያሰፈረችውን ብገለብጠው ይህ ጽሑፍ ይነሳል፤ ፍሬ ነገሩ የሰው ዕድሜ ለሽርሽር አይቆመርም ነው። አወያዩ ገብቶ ሁለቱን አቀዘቀዘ። እኔ ግን ያን ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። ዝም አለና፣ መጀመሪያም ውሃ እንደሚፈራ ነገረኝ።

19ኛው ስለ አገባቡ አስረዳ። ባሃማስ ውሃ ስትገባ ቢጫ ባንዲራ ትሰቅላለህ። ወደብ ደርሰህ የሁሉንም ፓስፖርት ይዞ የሚወርደው ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ጉዳዩ እስኪያልቅ ከጀልባ አይወርድም። ሲፈቀድልህ ቢጫውን አውርደህ የባሃማስን ትሰቅላለህ። ክፍያው ስለሚቀያየር ከመሄድህ በፊት እየው። አሜሪካ ስትመለስም መድረስህን ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ መስመር ሳተ። 20ኛው ኤግዙማ ላይ ቢግ ሜጀር የሚባል ደሴት የሚዋኙ አሳማዎች እንዳሉ ነገረን። 21ኛው አሳማ ለማየት ባሕር የሚሻገር አበሻ ዛሬ ገና አየሁ አለ። 22ኛዋ የባሃማሶች ኮንክ የሚሉት ትልቁ የባሕር ቀንድ አውጣ በጾም ይበላል ወይ ብላ ጠየቀች። ከዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የሚለው ተጠቀሰ፤ በጾምም በፍስክም አይበላም የሚለው አሸነፈ። 23ኛው ጃንሆይ ባሃማስን ጎብኝተዋል አለ። ወዲያው ታረመ፤ በ1966 የሄዱት ትሪኒዳድ፣ ጃማይካና ሄይቲ እንጂ ባሃማስ አይደለም፤ ጃማይካ የገቡት ሚያዝያ 21 ቀን ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። 25ኛው ግን የዚህን መድረክ ሰው ሁሉ ዝም አሰኘ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1964 ቢሚኒ መጥተው አንሲል ሳውንደርስ የሚባል ጀልባ ሠሪና ዓሣ አስጋሪ ማንግሮቭ ወዳለበት ጸጥ ያለ ውሃ ወስዷቸው፣ የኖቤል ንግግራቸውን ያዘጋጁት እዚያ ነው። ቢሚኒን ነዳጅ መቅጃ ብቻ አድርጌ ነበር የቆጠርኳት።

26ኛው ሌላ ጨመረ። ከቢሚኒ ደቡብ ጥቂት ማይል ላይ ሳፖና የምትባል ከኮንክሪት የተሠራች መርከብ አለች። በ1926 አውሎ ነፋስ ነው አሸዋው ላይ የተቀመጠችው፤ አሁንም ግማሽ አካሏ ከውሃ በላይ ነው። መጠጥ በተከለከለበት ዘመን ኮንትሮባንድ ነጋዴዎች እንደ መጋዘን ተጠቅመውባታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ አውሮፕላኖች ቦምብ ተለማምደውባታል። ለ13ኛው ሰው ድጋፍ ይሆን ዘንድ ጠቀስኳት፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ቆማ እየጠበቀች መቶ ዓመት ያህል ሆናት።

27ኛው ቁርጥ ያለ ዝርዝር ነው። የቪኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ቻነል 16 ላይ ሁሌ ክፍት። ለሳተላይት የጭንቅ ምልክት የሚልክ ኢፐርብ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ የያዘ ወረቀት ቤት ለቀረ ሰው። ሞተር ማጥፊያዋን ገመድ ነጂው ላይ ማሰር፤ ከ2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች ላሉ ጀልባዎች በአሜሪካ ሕግም ግዴታ ነው። የእኔ ገመድ ከጡረተኛው ስገዛው ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

28ኛው አልወደድኩትም። አበሻ መዋኘት ሳይማር ጀልባ ይገዛል ብሎ ጀመረ፤ ስድብ ነው ብዬ ልመልስለት ስጽፍ ቀጥሎ ያለውን አየሁ። ከአራታችሁ ስንቱ ይዋኛል? ስጽፍ የነበረውን ሰረዝኩት። ሁለት ብዬ መለስኩ። ለረጅም ጊዜ ማንም ምንም አልጻፈም።

29ኛው ጋሽ ኖት ናቸው፤ ተመልሰው መጡ። ኤግዙማ አይሸሽም፣ ለሱ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ውሰድ አሉ። አሁን ከማያሚ ቢሚኒ ብቻ፣ ሌላ ጀልባ ካለ ተከትለህ። ቅዳሜ 12 ሰዓት ተነሳ። እሑድ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከደሴቲቱ ምሥራቅ አምስት ማይል ብቻ ባንኩ ላይ ውጣ፣ ቀለሙን እያነበብክ ጥልቀት መለኪያው ምን እንደሚል አስተያይ፤ ዓይንህ እስኪለምድ። ነፋሱ ከዞረ ማክሰኞም ረቡዕም እዚያው ነህ፣ አለቃህን ከአሁኑ ንገረው። 30ኛው ቀትር ላይ መነሳት አይረፍድም ወይ ብሎ ጠየቀ። የሀበሻ 12 ነው፣ ንጋት ነው ተባለ። በዚህ ብቻ አምስት መልስ ሄደ።

36ኛው የእኔ ነው፣ ማጠቃለያ አይደለም፣ ወሬ ነው። ዕቅዱን እንዳሉኝ ቀየርኩት። መፍቻውም ተገዛ። የማይዋኘው ጓደኛዬ ማዘጋጃ ቤቱ ገንዳ ተመዝግቧል፤ ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር ነው የሚማረው። ዛሬ ዓርብ ነው። ትንበያው ከነገ ጀምሮ ሦስቱንም ቀን ከሰሜን ምሥራቅ 15 ኖት ይላል። ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ ጓሮ ቆማለች። የአክስቴ ልጅ ወጥቶ አያትና ከሰል ሊያቀጣጥል ሄደ።

37ኛው ሽንኩርቱን ከፖምፓው አርቁት አለ።